እኔ ራሴ የተጠመድኩበት ዓርብ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነን እስራኤል በመጣን በአራተኛው ዓመት፣ በሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ጎንደር ቢሆን ሰኔ ዝናቡ ሰውን ወደ ቤት የሚያስገባበት ወር ነው፤ ናታንያ ላይ ግን አስፋልቱ ቀልጦ ጫማ ይይዛል። ይህን ያህል ዘመን አልፎም አልረሳሁትም። ትዝ ሲለኝ መጀመሪያ አፍራለሁ፣ ቀጥሎ ብቻዬን እስቃለሁ፣ መጨረሻ ላይ አመሰግናለሁ። ሁልጊዜ በዚሁ ተራ ነው የሚመጣብኝ።

የሌሎችን ገጠመኝ ባነበብኩ ቁጥር «ይኼ ምን ገጠመኝ ነው? የኔን ቢሰሙ!» እያልኩ ስፎክር ኖሬያለሁ። ባለቤቴ ዝና ሰለቻትና «ፎክረህ ካበቃህ ጻፈው፤ እኔን ለቀቅ አድርገኝ» አለችኝ። ይኸው ጻፍኩት።

ያኔ መታወቂያዬ ስልሳ አራት ዓመት ይላል። እውነተኛ ዕድሜዬን ግን መታወቂያውም እኔም አናውቀውም። ስንገባ የመዘገበችን ልጅ ፊቴን ትክ ብላ ዐይታ ገመተች፤ እኔም ቆንጆ የገመተችውን መከራከር ነውር ነው ብዬ ዝም አልኩ።

በሀገር ቤት ሸማኔ ነበርኩ። አባቴም፣ የአባቴም አባት ሸማኔ። ሠርግ ያለበት፣ ለቅሶ ያለበት፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ደጃችን ይመጣ ነበር። ናታንያ ስገባ ሸማ የሚያሠራ ሰው የለም። በኡልፓን፣ ማለት ዕብራይስጥ በሚያስተምሩን ቤት፣ መምህሯ ከመጨረሻ ልጄ ታንሳለች፤ ፊደል ስቆጥር እንቅልፍ ይወስደኛል። ሐኪም ቤት ስሄድ ልጄ ናት የምትናገርልኝ። ሐኪሙ የሚያየው እሷን ነው፣ የሚጠይቀው እሷን ነው። የታመምኩት እኔ፣ እንደ ተረሳ ጃንጥላ ጥግ ላይ እቀመጣለሁ።

ይህን የምለው ለማልቀስ አይደለም። ቀጥሎ የዋሸሁትን ውሸት ለምን እንደዋሸሁት እንድታውቁልኝ ነው።

እኛ የምንኖረው ራማት የዲዲም የሚባል ሰፈር ነው። ከቤታችን ትንሽ አለፍ ብሎ መትናስ የሚሉት የሰፈሩ የመሰብሰቢያ ቤት አለ። ማክሰኞ ጠዋት የሽማግሌዎች ሞአዶን፣ ማለት ክበብ፣ እዚያ እንሰበሰባለን። አንድ ማክሰኞ ባርኔጣዬን ረስቼ ሄድኩና ማምሻውን ልወስድ ተመለስኩ። በሩን ስከፍት ሌላ ሰዎች ናቸው ያሉት። አሥራ አንድ ይሆናሉ፤ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ አጎንብሰዋል። በየፊታቸው ትንሽ መቆንጠጫ፣ በመቆንጠጫው ላይ መንጠቆ፣ በእጃቸው ክርና የዶሮ ላባ።

የክር ሥራ! ልቤ ደነገጠ። እዚህ ሀገር ከመጣሁ ሰው ክር ሲጠመጥም ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ለካ የዓሣ አጥማጆች ክለብ ነው። እነዚህ ሰዎች ዓሣውን በትል አያጠምዱትም፤ ላባውን በመንጠቆ ላይ ጠምጥመው ዝንብ ያስመስሉና በዚያ ያታልሉታል። እኔ ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ማታ ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። በሩ አጠገብ የተቀመጠ፣ ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ፊቱ እንደ ሰኔ ደመና የጠቆረ ሰውዬ ክሩን አላልቶ ይጠመጥማል። ይፈታበታል። እንደገና ይጠመጥማል። ይፈታበታል።

ቆሜ አየሁት። እጄ አላስችል አለኝ። «ፍቀድልኝ» እንኳ ሳልል ከእጁ ወሰድኩት፣ ክሩን በከንፈሬ አርጥቤ፣ አጥብቄ፣ ጥምጥሙን ጎን ለጎን አስተኛሁት፣ ቋጠርኩት። ጫፉን በጥርሴ ቆረጥኩና መለስኩለት። ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝ። አላመሰገነኝም። ስሙ ግሪሻ ነው፤ ከሩሲያ የመጣ ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም።

የክለቡ ሊቀ መንበር ሞሪስ የሚባል፣ ደቡብ አፍሪካ የተወለደ፣ ነጭ ሪዛም ሽማግሌ ነው። ያቺን ዝንብ ተቀብሎ በአጉሊ መነጽር አገላብጦ አያት።

«ይህን የት ተማርከው?» አለኝ። «ዓሣ አጥማጅ ነበርክ?»

አሥራ አንድ ሰው ዞሮ አየኝ። ልጄ አጠገቤ የለችም። እኔን ነው የሚያዩት፣ እኔን ነው የሚጠይቁት። «ሸማኔ ነኝ» ብል ምን ነበረበት? እሱም ያስከብረኝ ነበር። ግን ይህ አፌ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲያስመታኝ የኖረ አፍ ነው።

«ጣናን እንደ መዳፌ አውቀዋለሁ» አልኩ።

እውነቱን ልንገራችሁ። ጣናን በዕድሜዬ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው። አንዴ ከሩቅ ተራራ ላይ ሆኜ፤ አንዴ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ከጭነት መኪና ላይ፣ እሱንም ግማሹን ተኝቼ ነበር። ዋና አልችልም። በመንደራችን ያለው ወንዝ ጥልቀቱ እስከ ጉልበት ነው።

ከዚያ ማታ ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ የኔ ወንበር ተለየ። በየሳምንቱ እየሄድኩ እቋጥርላቸዋለሁ፤ እነሱም «ይህ ላባ ይሻላል ወይስ ያ?» ይሉኛል። የኔ ዕብራይስጥ ያኔ ግማሹ ቃል ግማሹ እጅ ነበር፤ በግማሽ ቃልና በግማሽ እጅ ስንት ውሸት እንደሚነገር ግን አትጠይቁኝ። እንደ ሰው የሚረዝም ዓሣ አወጣሁ። በሌላ ሳምንት ጉማሬ ከታንኳዬ ገለበጠኝና እየዋኘሁ አመለጥኩ። ግሪሻ ብቻ አንገቱን ደፍቶ፣ አንድ ቀን ሳይስቅ፣ አንድ ቀን ሳይጠይቀኝ ይጠመጥማል። ይህ ሰው ጠልቶኛል አልኩ። እስኪ ቢጠላኝስ ይፈረድበታል?

ታዲያ በሰኔ ሞሪስ ተነስቶ አስታወቀ። ክለቡ በየዓመቱ በሙቀት ወራት ወደ ሰሜን ወጥቶ አንድ ቀን ያድራል። ሔርሞን ተራራ ሥር ከምንጭ የሚወጣ ጅረት አለ፤ ውስጡ ፎሬል የሚሉት፣ ጎኑ ነጠብጣብ ያለው የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ይኖራል። ሐሙስ ሄደን ዓርብ ሰንበት ሳይገባ እንመለሳለን።

«ዘንድሮ ደግሞ» አለ ሞሪስ፣ «የጣናው ሰው አብሮን አለ። መንጠቆውን ሲወረውር እናያለን።»

አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ። 

ቤት ገብቼ ለዝና ነገርኳት። ሳቋ ጎረቤት ድረስ ተሰማ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዓሣው ራሱ ሲያይህ ይስቃል!»

«እስኪ ዝም በይ፤ መላ አምጪ።»

«ምን መላ አለው? ሸማኔ ነኝ፣ ውሃ እፈራለሁ በላቸው።»

«ከዚያ በኋላ በምን ፊቴ እቀመጣለሁ እዚያ ወንበር ላይ? ውሸታም ሽማግሌ ብለው ያባርሩኛል።»

እሷም መሳቋን ተወች። ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ጢሜን ሳበጥር ታየኝ ነበርና ያ ወንበር ምን እንደሆነ ታውቃለች። «ዓሣውን ይዘው ምን ያደርጉታል?» አለችኝ።

«መንጠቆውን ከአፉ ፈትተው ይለቁታል።»

«ይለቁታል? ታዲያ ምን አደከማቸው?» ብላ እንደገና ሳቀች። ስንቄን ግን ቋጠረችልኝ።

ሐሙስ በሚኒባስ ተነሳን። ሞሪስን ከሚኖርበት ከኤቨን የሁዳ አንስተን ወደ ሰሜን። መንገዱን ሙሉ ሰው ሁሉ ሲያወራ እኔ ውሃ ሳይነካኝ የምመለስበትን ዘዴ እፈልጋለሁ። ልክ ስንደርስ ዘዴው መጣልኝ። ሁሉም የማጥመጃ ዘንጉን ሲገጣጥም እኔ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ዳር ላይ ቆምኩ።

«አንተስ?» አለ ሞሪስ።

«በኛ ሀገር» አልኩ ረጋ ብዬ፣ «ባለሙያ የመጀመሪያውን ቀን ውሃውን ያያል እንጂ አይነካም።»

ሞሪስ ሪዙን ደባበሰ። «ሰምታችኋል? ዛሬ ውሃውን እናያለን።»

ብታምኑም ባታምኑም አሥር ትልልቅ ሰዎች ዘንጋቸውን አስቀምጠው ዳር ላይ ተደርድረው ውሃ ሲያዩ አመሹ። ግሪሻ ብቻ «ውሃ በናታንያም አለ» ብሎ አጉረመረመና ብቻውን ወርዶ ወረወረ። አንድ ያዘ፣ ለቀቀው፣ ለማንም ሳይናገር ወደ ድንኳኑ ገባ።

ከመተኛታችን በፊት ሞሪስ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። «ነገ ጎህ ሲቀድ መጀመሪያ የምትወረውረው አንተ ነህ። የክብር ቦታ ነው።»

ሌሊቱን ሞሪስ ሲያንኮራፋ እኔ ስገላበጥ አደርን።

ዓርብ ገና ሳይነጋጋ ተነስቼ ጅረቱን ተከትዬ ወደ ላይ ሄድኩ። ሐሳቤ ግልጽ ነበር፤ ጫካ ውስጥ ትንሽ ልቆይና «ሆዴን አመመኝ» ብዬ እመለሳለሁ። ስመለስ የሚወረወርበት ጊዜ አልፏል። ወንበሬም ይተርፋል፣ እኔም እተርፋለሁ።

ግን ዛፎቹ ውስጥ ገባ ብዬ ውሃውን ብቻዬን ሳየው ሆዴ የሚባለውንም ረሳሁት።

ይፈሳል። ድንጋይ ላይ እየተንከባለለ፣ ጠጠሩ ከሥር እየታየ፣ እያወራ ይፈሳል። ቀኑ ደግሞ ዓርብ ነው።

እኛ ቤተ እስራኤሎች በሀገር ቤት ሰንበት ሳይገባ ወንዝ ወርደን እንነጻ ነበር። ወንዱ በአንድ በኩል፣ ሴቱ በሌላ በኩል። ቤት ለመሥራት ቦታ ስንፈልግ እንኳ መጀመሪያ የምንጠይቀው ወንዙ ስንት እርምጃ ነው ብለን ነው። ናታንያ ከመጣሁ አራት ዓመት ሙሉ ወራጅ ውሃ አካሌን አልነካውም። ሚቅዌ አለ፤ መንጺያው ገንዳ ማለቴ ነው። ሄጃለሁ፤ ንጹሕ ነው፣ ለብ ያለ ነው፣ ሕጉም ሞልቷል። ቆዳዬ ግን የሚፈሰውን ይፈልጋል። ባሕሩም አለ፤ ግን ጨው ነው፤ ደግሞ እዚያ የሚተኛውን ሴት ወንድ እያዩ ጸሎት ማድረስ ለኔ ዓይነቱ ሰው ይከብዳል።

ግራ ቀኝ አየሁ፤ ማንም የለም። ልብሴን አውልቄ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀልኩ። አንዲት ክር እንኳ አላስቀረሁም፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። «ይባረክ የእስራኤል አምላክ» ብዬ ገባሁ።

ስህተቴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ወንዝ ሁሉ እንደኛ መንደር ወንዝ እስከ ጉልበት መሰለኝ። ሁለተኛ፣ ከዓሣ አጥማጆቹ በላይ በኩል ገባሁ። ጅረቱ ከዚያ ሁለት ጊዜ ይታጠፍና ሰፋ ያለ ገንዳ ይሠራል። ሞሪስ «ይጸልይ ይሆናል፣ እንጀምር» ብሏቸው አሥራ አንዱም በዚያ ሰዓት ገንዳው ዳር ተሰልፈው፣ ፎሬል ድንጉጥ ነው ብለው ሳይተነፍሱ፣ ክራቸውን በአየር ላይ እያወናጨፉ ነው።

ሁለት እርምጃ ሄድኩ። ቅዝቃዜው ቅዝቃዜ አይባልም፤ አጥንት ይቆጥራል። በሦስተኛው ድንጋዩ ላይ ያለው አረንጓዴ ነገር አሙለጨለጨኝ። ከዚያ በኋላ የሄድኩት በእግሬ አይደለም።

ውሃው አነሳኝ። እስትንፋሴ ተቆረጠ። እጄ የያዘው ሣር ተነቀለ፣ የያዘው ድንጋይ አመለጠ። አንዴ ሰማይ፣ አንዴ ጠጠር አያለሁ። ልጮህ አፌን ብከፍት ውሃ ገባ። የመጀመሪያው እጥፋት ላይ ጎኔ ድንጋይ መታው፤ ሁለተኛው ላይ እግሬ መሬት አጣ። ገንዳው ውስጥ ገባሁ ማለት ነው፤ እዚያ ከኔ ቁመት በላይ ነው። ሰመጥኩ። ከሥር ዓይኔን ስገልጥ፣ የእግዜር ያለህ፣ ነጠብጣቡ ፎሬል ፊት ለፊቴ ቆሟል። ዝና ያለችው እውነት ነው፤ የሳቀ ይመስላል።

ያን ጊዜ ወንበሩም ውሸቱም ከሐሳቤ ወጣ። «ሞትኩ፤ ደግሞ ዓርብ፤ ቀብሬ ሰንበት ሊሻገር ነው» አልኩ። የሸማኔ ሐሳብ እንዲህ ነው፤ ሲሞት እንኳ ስለሚቀረው ሥራ ያስባል።

ዳር ላይ የነበሩት በኋላ እንደነገሩኝ፣ ከእጥፋቱ ትልቅ ነገር ሲመጣ ያዩት ግማሾቹ «ይኼን የሚያህል ዓሣ!» ብለው ክራቸውን ወረወሩበት። ሁለቱ አገኙኝ። አንዱ መንጠቆ ትከሻዬ ላይ፣ አንዱ ልጠራው በማልችለው ሥፍራ ላይ ተሰካ። ሁለቱም እኔ ራሴ የቋጠርኳቸው ዝንቦች ነበሩ። አልተፈቱም።

የደነገጠው ሁሉ ቆሞ ቀረ። አንድ ሰው ግን በቦት ጫማው፣ በሱሪው፣ በመነጽሩ ዘሎ ገባ። ግሪሻ ነው። ከሀገሩ ይዞት የመጣውን፣ ማንም እንዲነካበት የማይፈቅደውን ዘንግ ድንጋይ ላይ ወርውሮ ገባ። ራሴ መላጣ ነው፤ የሚያዝ ነገር የለውም። ጢሜን ያዘና ጎተተኝ። አሁንም ጠዋት ሳበጥረው የጎተተኝ ይመስለኛል።

ዳር አወጡኝ። ተገልብጬ ውሃውን ተፋሁ። ሞሪስ ኮቱን ጣለብኝ። ሁለት ክር ከገላዬ ተዘርግቶ ጫፉ በሁለት ሰዎች ዘንግ ላይ ነው፤ ሰዎቹ ከድንጋጤ የተነሣ አሁንም እንደያዙኝ ናቸው።

ግሪሻ ተንበረከከ። መነጽሩን ውሃው ወስዶበታል፤ በዳሰሳ ነው የሚሠራው። ከኪሱ መቆንጠጫ አወጣ፣ መንጠቆውን ወደ ታች ጫን አደረገ፣ ነቀለ። አላመመኝም። ወደ ሁለተኛው ሲዞር «አፍህን ክፈት እንዳትለኝ ብቻ፤ እዚያ አይደለም» አልኩት እየተንቀጠቀጥኩ። ሠላሳ ዓመት ጥርስ የነቀለ እጅ ነው፤ ሁለተኛውንም ሳልሰማው ነቀለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት። ከጥርስ ሐኪም የማይጠበቅ፣ ሁለት ጥርስ ይጎድለዋል።

ከዚያ ሞሪስ አጠገቤ ተቀመጠ።

«በእጅህ ልትይዛቸው ነበር?» አለኝ። «በጣና እንደዚያ ነው የሚያዘው?»

አያችሁ፣ በር ከፈተልኝ። «አዎ» ብል ሁሉም ያምነኛል። ከፊሎቹ ራሳቸውን መነቅነቅ ጀምረዋል። አንዲት ቃል ብቻ ናት የቀረችኝ፣ ወንበሬ ይተርፋል። አፌን ከፈትኩ፤ ግሪሻን አየሁት። ከጭንቅላቱ ውሃ ይንጠባጠባል። ዘንጉ ከድንጋዩ ሥር ለሁለት ተሰብሮ ወድቋል። አላየውም፤ መነጽር የለውም።

«አይደለም» አልኩ። «ጣናን አላውቀውም። ዓሣ አጥምጄ አላውቅም። ዋና አልችልም። ጉማሬም አልገለበጠኝም። ሸማኔ ነኝ። የገባሁት ዛሬ ዓርብ ስለሆነ ልነጻ ነው።» ከዚያ እንደምችለው፣ በቃልም በእጅም፣ ስለ ወንዛችንና ስለ ሰንበት ነገርኳቸው። «ዓሣውን አበረገግኩባችሁ። ማክሰኞ ወንበሬን ለሌላ ሰው ስጡት።»

 መጀመሪያ የተናገረው ግሪሻ ነው፣ ካልሲውን እየጨመቀ።

«እኔ ከመጀመሪያው ማታ ዐውቄዋለሁ። ዓሣ አጥማጅ ቢሆን፣ እዚህ ያለው ዓሣ ምን ይበላል ብሎ ይጠይቅ ነበር። እሱ የጠየቀው ክሩን የት ገዛችሁት ብሎ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?» አለው ሞሪስ።

«ዓሣ አጥማጅ ሞልቶናል። የሚቋጥር ሰው ነው ያልነበረን።» ይህን ብሎ ካልሲውን ወደ መጭመቁ ተመለሰ።

ሞሪስ ሰዓቱን አየ፣ ውሃውን አየ። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ጨርሰህ ነበር?» አለኝ።

«ምኑን?»

«መንጻቱን።»

አልጨረስኩም ነበር። ጸሎቱ አፌ ላይ ተቆርጧል፤ ከውሃው የወጣሁትም በራሴ ፈቃድ አይደለም። «ገና ነኝ» አልኩት።

«እንግዲያው ከገንዳው በታች ሂድ። እዚያ እስከ ጉልበት ነው። ዓሣውም በኛ በኩል እስኪረጋጋ ይቆያል፣ እኛም እንቆያለን።»

ግሪሻ ሳያናግረኝ ወደ ሚኒባሱ ሄዶ የመኪና መጎተቻ ገመድ ይዞ መጣ። ወገቤ ላይ አሰረው። የጥርስ ሐኪም ቋጠሮ ነው፤ ሳልንቀሳቀስ ይላላል።

«አንተ ጥርስ ነቃይ፣ እንዲህ ይታሰራል?» አልኩትና ፈትቼ በሸማኔ ቋጠሮ ደግሜ አሰርኩት። አጉረመረመ።

ከገንዳው በታች ወረድን። እሱ ዳር ላይ ገመዱን ሁለት ጊዜ እጁ ላይ ጠምጥሞ ቆመ። ኮቱን ማውለቅ ሲጠበቅብኝ አመነታሁ። ያን ጊዜ ጀርባውን ሰጠኝ፤ ወደ ዛፎቹ ዞሮ ቆመ። ወደ ላይ ብመለከት አሥሩም ዞረው ቆመዋል። አንድ ሰው እንኳ ወደ እኔ ዘወር አላለም። እነዚህ ሰዎች ግማሾቹ ጸሎት የሚባል ነገር ካደረሱ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ገንዳውን አወክሁባቸው፣ ዓመቱን ሙሉ የጠበቁትን ጠዋት አበላሸሁባቸው፤ እነሱ ግን እኔ እስክጨርስ ዛፍ ያያሉ።

ገባሁ። ተቀመጥኩ። ውሃው በትከሻዬ ላይ አለፈ። ሦስት ጊዜ ራሴን ነከርኩ፣ ጸሎቴን ከተቆረጠበት ቀጠልኩ። ገመዱ አንዳንዴ ትንሽ ሳብ ይላል፤ ግሪሻ «አለህ ወይ?» እያለ ነው። እኔም ሳብ አደርገዋለሁ።

የዚያን ቀን አንድም ሰው አንድም ፎሬል አልያዘም። ቢይዙም ይለቁት ስለነበር ብዙም አላዘንኩላቸው። በመንገድ ላይ ሞሪስ እስከ ኤቨን የሁዳ ድረስ «የክለባችን ትልቁ ዓሣ ስንት ኪሎ ነበር?» እያለ አስቃቸው። እኔም እየተንቀጠቀጥኩ ሳቅሁ።

ቤት ስገባ ዝና የትከሻዬን ቁስል አየች። ሁሉንም ነገርኳት።

«ራቁትህን?»

«ራቁቴን።»

«ስንት ሰው አየህ?»

«አሥራ አንድ። በኋላ ግን ዞሩ።»

ጭኗን መታች፤ ልትስቅ ነው ልታለቅስ ለራሷም አልታወቃትም። ከዚያ የሰንበቱን ዳቦ ለሁለት ቆርጣ ግማሹን በነጠላ ጠቀለለች። «ይህን ሳይመሽ ለዚያ ሰው አድርስለት» አለች። አደረስኩለት።

ማክሰኞ መትናስ ስሄድ በሩ ላይ ቆምኩ። ወንበሬ ባዶ ነው። ማንም አልተቀመጠበትም። ማንም «ግባ» አላለኝም፤ ሞሪስ ብቻ ቀና ሳይል መቆንጠጫውን ወደ ወንበሩ ገፋ አደረገው። ግሪሻ የተሰበረውን ዘንጉን ይዞ መጥቷል፤ «ይህ አበቃ» አለኝ። ተቀበልኩት። ስብራቱን ገጥሜ፣ በሐር ክር ጎን ለጎን እያስተኛሁ ጠመጠምኩት፤ ሦስት ማክሰኞ ፈጀብኝ። ከፊተኛው ጠነከረ። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፣ ግሪሻ ነው፤ እሱ ደግሞ ሰው ለማስደሰት አይናገርም።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት በየሙቀት ወራቱ አብረን ወጣን። የክለቡ ልማድ ሆነ፤ ዓርብ ጠዋት ከገንዳው በላይ እነሱ፣ ከገንዳው በታች እኔ፣ ዳር ላይ ገመዱን ይዞ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ግሪሻ። ዋና ልማር አስቤ ነበር፤ «ከተማርክማ እኔ ምን ልሠራ?» አለኝና ተውኩት። መወርወሩን ግን ሞክሬያለሁ። የያዝኩት የሞሪስን ባርኔጣ ብቻ ነው።

አሁን ሞሪስ አርፏል። ክለቡም ተበትኗል። የግሪሻ እግር አይሄድም፤ እኔ እየሄድኩ እጠይቀዋለሁ፤ ስለ ዓሣ አናወራም፤ ዓሣ እንደማላውቅ ያውቃል።

ብዙ ሰው ውለታ ውሎልኛል። ከሞት ያወጣኝን ሰው ማመስገን ቀላል ነው፤ ጢሜን ይዞ ጎትቶኛል፣ አመስግኜዋለሁ። እስከ ዛሬ አመስግኜ ያልጨረስኩት ግን እነሱ ዞረው የቆሙባትን ያቺን ትንሽ ጊዜ ነው። እዚህ ሀገር ከገባሁ ጀምሮ ምን እንደሆንኩ ለሰው ስተረጎም ነበር፤ ያን ጠዋት ሳልተረጎም ጠበቁኝ።

አሁን እርጅናው በርትቶ የምታጠበው ቤት ውስጥ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ዓርብ ዓርብ ዝና ውሃውን በራሴ ላይ ስታፈስልኝ ዓይኔን እጨፍናለሁ። እጄ ሳላዝዘው ወደ ወገቤ ይሄድና አንድ ነገር ሳብ ያደርጋል።

«ምን ትፈልጋለህ?» ትለኛለች።

«ምንም» እላታለሁ። «አለሁ እያልኩ ነው።»